አዲስ የሊኑክስ ዴስክቶፕ ስርጭት ከማዘጋጀታችሁ በፊት መስፈርቱን እንዴት ታጠራላችሁ?

ለትምህርት ቤት ላብራቶሪ ወይም ለቢሮ የሚሆን፣ አማርኛ የሚያውቅ የሊኑክስ ስርጭት (ሥርዓቱና ፕሮግራሞቹ አንድ ላይ ተዘጋጅተው የሚጫኑበት ጥቅል) ሲታሰብ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከስሙና ከአርማው ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን ስርጭት ማውጣት ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። የምትፈልጉት ጥቂት ፎንቶች፣ የአማርኛ ኪቦርድና ሃያ ፕሮግራሞች ብቻ ከሆነ፣ ደቢያን የተባለውን ነባር የሊኑክስ ስርጭት ጭናችሁ እነዚህን አንድ ላይ የሚስብ አንድ ፓኬጅ (የሚጫን የፕሮግራም እሽግ) ማዘጋጀት ይበቃችኋል። ስርጭት ማውጣት ማለት ለዓመታት የደህንነት ማሻሻያ የማድረስ ዕዳ መግባት ነው።

ስለዚህ በመስፈርት ሰነዱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ማሻሻያው ከየት እንደሚመጣና እስከ መቼ እንደሚቆይ ጻፉ። ነሐሴ 2025 (እንደ ፈረንጆቹ) የወጣው ደቢያን 13 ሙሉ ድጋፍ የሚያገኘው ለ3 ዓመት ነው፤ ከዚያ የረጅም ጊዜ ድጋፉ እስከ 2030 ይዘልቃል። የደቢያንን ፓኬጆች ሳትነኩ ከወሰዳችሁ ይህ ሁሉ በነፃ ይደርሳችኋል። ራሳችሁ የምታጠናቅሩት እያንዳንዱ ፓኬጅ ግን የእናንተ ሸክም ነው። ከርነሉን (የሥርዓቱን እምብርት) ከነካችሁ ደግሞ፣ የራሳችሁን ቁልፍ በየማሽኑ ካላስመዘገባችሁ በቀር፣ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሥርዓት እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ) የበራበት ማሽን አይነሳላችሁም፤ ሺም የተባለው የደቢያን ማስነሻ በራሱ የሚያምነው በደቢያን ቁልፍ የተፈረመውን ከርነል ነውና።

ቀጥሎ «ፈጣን ይሁን»፣ «ቀላል ይሁን» የሚሉትን ሰርዙ፤ ሊለካ የማይችል ነገር ምኞት እንጂ መስፈርት አይደለም። በምትኩ እንዲህ ጻፉ፦ «4 ጊጋባይት ራምና ተራ ሃርድ ዲስክ ባለው ማሽን ላይ፣ ፋየርፎክስ በሦስት ትር፣ ሊብረኦፊስ ደግሞ በአንድ የ20 ገጽ ሰነድ ተከፍተው ስዋፕ (ራም ሲሞላ በምትኩ የሚያገለግለው የዲስክ ቦታ) ሳይነካ ይሥራ።» ከጎኑም በምን ትዕዛዝ እንደሚለካና ማን እንደሚለካው ይጻፍ።

ቁጥሩን ከግምት አታምጡት። የደቢያን ላይቭ ምስል (ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሳ የሥርዓቱ ቅጂ) በፍላሽ ይዛችሁ ወደ ማሽኖቹ ሂዱ፤ ሳትጭኑ አስነሱና የፕሮሰሰሩን፣ የራሙን፣ የዋይፋይ ካርዱንና የፕሪንተሩን ዝርዝር አስቀምጡ። ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር አንድ እንኳ ከተገኘ ውሳኔው ይለወጣል፤ ደቢያን 13 ለእነሱ ጫኝም ከርነልም የለውም።

አማርኛው ላይ ግን ጊዜ ስጡ። «አማርኛ ይደግፋል» የሚለው አንድ መስመር ቢያንስ በአምስት ይከፈላል። ፎንት ቀላሉ ነው፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ይገባል፣ በፊደሉ ቦታ የሚታየው አራት ማዕዘን ሳጥንም ይጠፋል። አጻጻፉ ይከብዳል። አይባስ በተባለው የሊኑክስ የጽሑፍ ማስገቢያ በኩል የሚገኘው ሴራ የተባለ፣ አማርኛን በላቲን ፊደላት የመጻፊያ ዘዴ፣ ኤስን ብቻ ስትመቱ «ስ»፣ ኤስና ኢን ስትመቱ «ሰ» ይሰጣል፤ ሌላ ዘዴ የለመደ ጸሐፊ ግን ጣቱ ይሳሳታል። ስለዚህ የትኛው ዘዴ፣ አራት ነጥቡና ነጠላ ሰረዙ በየትኛው ቁልፍ እንደሚገኙ ተጠቃሚውን ጠይቃችሁ ጻፉ። የመግቢያው ገጽ ደግሞ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ይጀምር፤ የይለፍ ቃል በነጥብ ስለሚሸፈን፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቶ ከሆነ ሰው ስህተቱን ሳያይ ውጭ ይቀራል።

የቀን መቁጠሪያው ብዙዎችን ያታልላል። የማሽኑን ቋንቋ አማርኛ ማድረግ መስከረምን አያመጣም፤ የሥርዓቱ የአማርኛ ቅንብር የፈረንጆቹን ወራት በግዕዝ ፊደል ይጽፋቸዋል እንጂ የእኛን አይቆጥርም። የእኛ ካሌንደር ግዴታ ከሆነ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ በመስፈርቱ ለብቻው ይቁም። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለማሳየት ብላችሁ ግን የማሽኑን ሰዓት 6 ሰዓት ወደኋላ አትመልሱ፤ የፋይልና የኢሜይል ሰዓት ሁሉ ይዛባል።

ከሁሉም በላይ የሚያጣላው የድሮ ሰነድ ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የቀድሞ እትሞች፣ ያለ ዩኒኮድ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት የላቲን ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ከተቋሙ መዝገብ 50 ያህል ፋይል ወስዳችሁ ክፈቱና ስንቱ እንደሚነበብ ቁጠሩ። የማይነበበው ብዙ ከሆነ የመለወጫ ሥራ መስፈርት ውስጥ ይገባል። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ በ2003 (እንደ ፈረንጆቹ) ወደ ሊኑክስ ለመሄድ ስትወስን የሰነድ ቅጾች ጉዳይ ከብዷት ዎልሙክስ የተባለ የራሷን ማሟያ እስከ መሥራት ደርሳለች።

መብራት ይጠፋል። «ማሻሻያ እየተጫነ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ያለ ባለሙያ እርዳታ ይነሳ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሙከራውም ማሻሻያው መሐል ላይ ሳለ ገመዱን አሥር ጊዜ መንቀል ነው። በአሮጌ ማሽን የማዘርቦርዱ ባትሪ ስለሚሞት ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ይሄዳል፤ ያኔ ብራውዘሩ የድረ ገጾችን ሰርተፍኬት አይቀበልም፣ የፓኬጅ አስተዳዳሪውም የማከማቻው ፋይል ገና ጊዜው አልደረሰም ይላል። ለዚህ መድኃኒቱ ሲስተምዲ ታይምሲንክዲ የተባለው ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራም ነው፤ የመጨረሻውን ሰዓት መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ ከዚያ በፊት አይመለስም። ምስሉን ለማሳነስ ብላችሁ ደቢያን ከዋናዎቹ ጋር እንዲጫኑ የሚመክራቸውን ፓኬጆች ካጠፋችሁ ግን እሱም ሳይጫን ይቀራል።

ኢንተርኔቱንም አስሉት። 3 ጊጋባይት ምስል በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር 80 ደቂቃ ይፈጃል። በአንድ ላብ 30 ማሽን እያንዳንዱ 300 ሜጋባይት ማሻሻያ ቢጎትት 9 ጊጋባይት ነው፤ ግቢው ውስጥ አፕት ካሸር (የወረዱ ፓኬጆችን አስቀምጦ ለሌሎች ማሽኖች የሚያድል ፕሮግራም) ካለ ግን ያው 300 ሜጋባይት አንዴ ይወርድና ለሁሉም ይዳረሳል። «የአካባቢ ማከማቻ ይኑር» የሚለው ለእኔ ከግዴታዎቹ ውስጥ ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ ለፕሮግራመር ብቻ አትስጡት። የሙከራ ምስሉን አስነስታችሁ ጸሐፊዋን አስቀምጧት፤ አንድ ደብዳቤ በአማርኛ ትጻፍ፣ ታትም፣ በፍላሽ ወደ ሌላ ማሽን ትውሰደው። እናንተ ከጀርባዋ ቁማችሁ እጇ የቆመበትን ቦታ ሁሉ መዝግቡ። ያ ዝርዝር የመስፈርታችሁ ሁለተኛ እትም ነው።