የአኳሪየም መብራት ስትመርጡ የምትሳሳቱባቸው ነገሮች

የአኳሪየማቸውን ፎቶ በቴሌግራም የሚልኩልኝ ሰዎች ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «መስታወቱ አረንጓዴ ሆነብኝ፤ በሳምንት ሁለቴ ባጥበውም ይመለሳል። ምን መድኃኒት ልጨምር?» ዓሣው ደህና ነው፣ ፊልተሩ ይሠራል፣ ውኃውም በጊዜው ይቀየራል። ችግሩ ያለው ከላይ፣ ክዳኑ ላይ ነው። ወይ ለገንዳው ከሚበቃው በላይ ኃይለኛ መብራት ተገዝቷል፣ ወይ መብራቱ ከሚገባው በላይ ረጅም ሰዓት ይበራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አብረው ይገኛሉ። የምጽፈው ጨው ስለሌለው ውኃ አኳሪየም ብቻ ነው።

ተክሉን ሳይወስኑ መብራት መግዛት

ዓሣ ለመኖር ኃይለኛ መብራት አያስፈልገውም። ቀኑንና ሌሊቱን የሚለይበት ብርሃን በቤቱ ውስጥ ካለ ይበቃዋል። መብራቱ የሚገዛው ለተክሉና ለእናንተ ዓይን ነው። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ገንዳው ውስጥ ምን ይበቅላል የሚለው ነው።

ፕላስቲክ ተክል ከሆነ ደካማ ነጭ ኤልኢዲ ማታ ማታ ለ4 ወይም ለ5 ሰዓት ያህል አብርታችሁ ዓሣችሁን ታያላችሁ፤ ከዚያ በላይ ገንዘብ አታውጡ። እንደ አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን ወይም ክሪፕቶኮሪን ያለ ብዙ ብርሃን የማይጠይቅ ተክል ከሆነ ለ1 ሊትር ውኃ ከ10 እስከ 20 ሉመን (ሉመን መብራቱ የሚሰጠው ብርሃን መለኪያ ነው) ይበቃል። 60 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነው የተለመደው ገንዳ 54 ሊትር ይይዛል፤ ከ540 እስከ 1,080 ሉመን ማለት ነው። ቀይ ቅጠል ያላቸውና እንደ ምንጣፍ መሬት ለመሬት የሚሄዱት ተክሎች ናቸው በሊትር ከ40 ሉመን በላይ የሚጠይቁት፤ እነሱ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዳበሪያም ይፈልጋሉ። ቁጥሮቹ መነሻ ግምት ናቸው። ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ገንዳ ብርሃኑ ታች እስኪደርስ ስለሚደክም ጨመር ማድረግ ያስፈልጋል።

በዋት መለካት

«በ2 ሊትር 1 ዋት» የሚባለው ሕግ የፍሎረሰንት ዘመን ነው። ዋት መብራቱ የሚበላውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይነግራችሁም። የድሮው 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ዛሬ 8 ወይም 9 ዋት ኤልኢዲ ይሰጣል። ካርቶኑ ላይ ሉመን ፈልጉ፤ ካልተጻፈበት ሻጩን ጠይቁ፤ እሱም ካላወቀ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

«ብርሃኑ በበረታ ቁጥር ተክሉ ያምራል» ማለት

ደጋግሜ ያየሁትና ትዕግሥቴን የሚፈትነው ይሄ ነው። ተክል የሚያድገው በብርሃን ብቻ አይደለም። ብርሃኑ በበረታ ልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድም፣ ናይትሮጅንም፣ ፎስፎረስም፣ ፖታሲየምም፣ ብረትም አብሮ መጨመር አለበት። መብራቱን ብቻ ማጠንከር የቀን ሠራተኛን ሥራውን እጥፍ አድርጎ ምሳውን እንደ መከልከል ነው። ተክሉ ያገኘውን ብርሃን መጠቀም ያቅተዋል፤ አልጌ፣ ያ መስታወቱን አረንጓዴ የሚያደርገው፣ ግን በትንሽ ምግብ መኖር ስለሚችል ትርፉን ብርሃን እሱ ይወስደዋል።

አኑቢያስን ተመልከቱ። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ጅረቶች ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ እድገቱ ዝግ ያለ ተክል ነው። አንዱን ቅጠል ለወራት ተሸክሞ ይቆያል። ኃይለኛ መብራት ሥር ስታስቀምጡት ቅጠሉ ላይ እንደ መርፌ ራስ ያሉ ጠንካራ አረንጓዴ ነጥቦች ይወጣሉ፤ በጣት ብታሹትም አይለቅም። ከዚያ የሚሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ፦ ባለቤቱ ቅጠሉ የታመመ መስሎት «ብርሃን አነሰው» ይልና ሁለተኛ መብራት ይገዛል። በወሩ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል፤ ጠርዙ ላይም ጥቁር ጺም የመሰለ አልጌ ይበቅላል። ከዚያ ኬሚካል ይጨመራል፤ ሽሪምፕ ካለ ደግሞ ሽሪምፑ ያልቃል።

እባካችሁ፣ አልጌ ሲመጣ መጀመሪያ የምትነኩት መብራቱን ይሁን። ዲመር (ብርሃኑን ከፍና ዝቅ ማድረጊያ) ካለው ወደ ግማሽ አውርዱት። ከሌለው ከገንዳው 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ሰዓቱንም ወደ 6 ቀንሱ። ነጥብ የያዘው ቅጠል አይድንምና ከሥሩ ቁረጡት፤ አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። አኑቢያስ በጥድፊያ ስለማያድግ ለውጡን ለማየት ሁለት ወር ያህል መታገሥ ያስፈልጋል።

ሲገዙ ዲመር ያለውን መምረጥ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ያዋጣል። የበረታውን ማድከም ይቻላል፤ ደካማው ግን ከአቅሙ በላይ አይሄድም።

ቤት ውስጥ ሰው እስካለ ማብራት

ጠዋት ልጆች ሲነሱ ይበራል፣ ማታ ቤቱ ሲተኛ ይጠፋል። ይሄ 15 ወይም 16 ሰዓት ነው። ለአዲስ ገንዳ 6 ሰዓት ይበቃል፤ ተክሉ ሥር ከያዘና አልጌ ካልታየ በሳምንት ግማሽ ሰዓት እየጨመሩ እስከ 8 ሰዓት ማድረስ ይቻላል። ቀን ሥራ የምትውሉ ከሆነ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት አድርጉት፤ እናንተ ቤት ስትደርሱ በርቶ ታገኙታላችሁ።

ለዚህ ታይመር፣ ማለትም መብራቱን በሰዓቱ በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ፣ ግዙ። በእጅ አበራለሁ ያለ ሁሉ ይረሳል። ግን ታይመሩ ራሱ ሁለት ወጥመድ አለው።

አንደኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ባለ ክቡ ታይመር ላይ ከ1 እስከ 24 የተጻፈው ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንድ ወዳጄ ከቀኑ 10 እስከ ማታ 4 ሰዓት እንዲበራለት ፈልጎ ከ10 እስከ 4 ያሉትን ጥርሶች በሙሉ ተጫናቸው። የታይመሩ 10 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ የታይመሩ 4 ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። 6 ሰዓት ፈልጎ 18 ሰዓት ሆነ። ጠዋት መብራቱ ሳይበራ ይወጣል፣ ማታ ሲገባ በርቶ ያገኘዋል፣ 3 ሰዓት ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ሁሉም እንዳሰበው የሄደ ይመስለው ነበር። ያወቅነው ውኃው እንደ ጎመን ቅቅል አረንጓዴ ከሆነ በኋላ፣ እኔ ታይመሩን ከሶኬቱ ነቅዬ ቁጥሩን ሳነብ ነው። ለእሱ ትክክለኛው ከ16 እስከ 22 ነበር።

ሁለተኛው የመብራት መጥፋት ነው። ባለ ክቡ ታይመር ኃይል ሲቋረጥ አብሮ ይቆማል፤ ሲመለስ ከቆመበት ይቀጥላል። 3 ሰዓት ከጠፋ መብራታችሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ 3 ሰዓት ዘግይቶ ይበራል፤ በሁለትና ሦስት መቋረጥ ሌሊቱን ሲያበራ ታገኙታላችሁ። የራሱ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ሰዓቱን አይስትም። ባለ ክቡን ከያዛችሁ ግን መብራት በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ማስተካከልን ልማድ አድርጉት።

መስኮት ሥር ማስቀመጥ

አዲስ አበባ ላይ በቀጥታ የሚገባ ፀሐይ ከማንኛውም የሱቅ መብራት ይበረታል፤ ዲመርም ታይመርም የለውም። አልጌው ይቅርና ውኃውን ያሞቀዋል። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ከተማችን ደግሞ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃችን ከመጀመሪያውም የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ከተማ ውኃ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ገንዳውን ከመስኮቱ አርቁት፤ ቦታ ከሌለ ከጀርባው ጥቁር ወረቀት ለጥፉና መጋረጃ ዝጉ።

በቀለሙ መማረክ

ሮዝ፣ ወይን ጠጅ፣ ድምቅ ያለ ሰማያዊ፤ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ያምራሉ። ቤት ስትወስዱት ዓሣውም ተክሉም የራሱን ቀለም ያጣል። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ 6,500 ኬልቪን አካባቢ ያለ ነጭ ብርሃን ተክልም ያሳድጋል፣ ዓይንም ያስደስታል። 3,000 ኬልቪን ቢጫ ነው፤ ተክል አይገድልም፣ ውኃውን ግን ያደፈረሰ ያስመስለዋል። ከ10,000 በላይ ያሉት ወደ ሰማያዊ የሚያደሉት በአብዛኛው ለባሕር ውኃ የተሠሩ ናቸው። «የጨረቃ ብርሃን» እየተባለ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራውን ሰማያዊ መብራት ደግሞ አጥፉት። ዓሣ ጨለማ ያስፈልገዋል።

ዓሣውን መርሳት

ኒዮን ቴትራ የመጣው አማዞን ጫካ ውስጥ ካሉ ጥላ ከሞላባቸው ጅረቶች ነው። መደበቂያ የሌለው ገንዳ ላይ ብርቱ መብራት ስትለቁበት ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጥግ ይዞ ይውላል። ጉፒ ግን ብዙም ግድ የለውም። ለቴትራና ለቤታ ከላይ የሚንሳፈፍ ተክል ጥላ ይሠራላቸዋል፤ እምቦጭን ግን ለዚህ ብላችሁ ከየትም አታምጡ። ጣና ላይ የታየው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ምን እንዳደረገ ሁላችንም አይተናል። የትኛውንም የአኳሪየም ተክል ትርፍ ወደ ወንዝም ወደ ቦይም አትጣሉ፤ አድርቃችሁ ከቆሻሻ ጋር አስወግዱት።

ጨለማ ክፍል ውስጥ መብራቱን ድንገት አታብሩ። ዓሣው ደንግጦ መስታወት ይመታል፣ ክዳን ከሌለም ዘሎ ይወጣል። የክፍሉን መብራት ቀድማችሁ አብሩ።

ሁሉን ነገር በመብራት ማሳበብ

በአዲስ ገንዳ የመጀመሪያ ሳምንታት ጠጠሩንና መስታወቱን የሚሸፍነው ቡናማ አቧራ ዲያቶም ይባላል፤ በስፖንጅ ይጠረጋል፣ በአብዛኛው በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ለእሱ ብላችሁ መብራት አትቀይሩ። ቅጠል ቢጫ መሆንና መበሳት ብዙውን ጊዜ የማዳበሪያ ጉዳይ ነው። ብርሃን ያነሰው ተክል ምልክቱ ሌላ ነው፦ ግንዱ ይረዝማል፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ የታችኛው ቅጠል ይረግፋል። ያኔም አዲስ መብራት ከመግዛታችሁ በፊት የመስታወት ክዳኑን እዩት። ውኃው እየተነነ የሚተወው ነጭ ቅርፊት ብርሃን ይዘጋል፤ በአቼቶ ጠርጋችሁ በንጹሕ ውኃ ስታለቀልቁት ይለቃል።

ኤሌክትሪኩን አቅልሎ ማየት

ለሱቅ ማስጌጫ የሚሸጠው ተለጣፊ የኤልኢዲ ገመድ ርካሽ ስለሆነ ክዳን ሥር የሚለጥፉት ብዙ ናቸው። በእርጥበቱ ብየዳው ይዝጋል፣ ግማሹ ይጠፋል። ውኃ አጠገብ የሚቀመጥ መብራት ውኃ እንደማያስገባ የሚያሳየው አይፒ67 ወይም አይፒ68 (IP67፣ IP68) የሚል ምልክት ይኑረው፤ በ12 ቮልት የሚሠራ ቢሆንም ትራንስፎርመሩ ራሱ 220 ቮልት ላይ የተሰካ መሆኑን አትርሱ። ማከፋፈያውን ገንዳው ሥር መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። እያንዳንዱ ገመድ ሶኬት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል አድርጉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውኃ እዚያው ታች ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም። እጃችሁን ውኃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት መብራቱንም፣ ማሞቂያውንም፣ ፊልተሩንም ንቀሉ።