የድሮ ቤት ሙዚየምን በበጎ ፈቃድ ለማገዝ ካሰባችሁ

ዘጌም ይሁን ባሕር ዳር ዙሪያ፣ የድሮ የጭቃ ቤት ሙዚየም ልታግዙ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ያዙ። የጭቃ ቤት ሰው ሲኖርበት ነው የሚቆየው። እሳት ይነድበታል፣ ጭሱ ሳሩንና ማገሩን ከነፍሳት ይጠብቃል፣ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ወዲያው ይመረጋል። ሙዚየም ሲሆን ይህ ሁሉ ይቆማል። የእናንተ ሥራ ያንን እንክብካቤ መመለስ ነው እንጂ መድኃኒት ገዝቶ መርጨት አይደለም።

ትልቁ ሥራ ከክረምት በፊት ነው። ግንቦት ላይ ቤቱን ዙሩት። ከጣራው የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር እንዳይተኛ ቦዩን ጥረጉ፣ የሳሳ ክዳን ካለ ሳር መክደን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ስንጥቁን በጭቃና በጭድ ምረጉት፤ ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ይቆይ። ሲሚንቶ ግን እንዳታስነኩት! እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ከጭቃው ጋርም በደንብ አይያያዝም፣ ቆይቶ ጭቃውን ይዞት ይወድቃል።

ምሰሶ ላይ የአፈር መስመር ካያችሁ ምስጥ ነው። ፋቁት፣ በሳምንቱ እዩት፣ ከተመለሰ ለኃላፊው ንገሩ። ብዙ ሰው የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፤ እባካችሁ ተዉት። ዝናብ አጥቦ የሚወስደው ወደ ጣና ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው፣ ለመከራው ደግሞ የእምቦጭ አረሙ ይበቃዋል።

ሞሰቡንና አገልግሉን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉ። ብራና ካለ አትንኩት፣ ውሃም ፀሐይም ጠላቱ ነው። የድሮ ልብስ ከመስኮት ብርሃን ይራቅ። ጠዋት አየሩ ደረቅ ሲሆን መስኮት ክፈቱ፣ ዝናብ ሲያስገመግም ዝጉ። ከቦታው የተነሳ ዕቃ ሁሉ ደብተር ላይ ይጻፍ።

እንግዳው በጀልባ ሲመጣ የውሃ ፕላስቲክ ይዞ ነው የሚወርደው። ይዞት እንዲመለስ በትህትና ንገሩት፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃም በእንስራ አዘጋጁ። ቡና በሲኒ ይቅረብ፣ በወረቀት ኩባያ አይሆንም። ስታስጎበኙ ጫካውን አትዝለሉት፦ ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በቆየ ልማድ ክልክል ስለሆነ ነው ያ የቡና ጫካ እስከዛሬ የቆየው። ስለ ዕቃዎቹ ደግሞ የአካባቢውን እናቶች ጠይቁ፤ ፈቃደኛ ከሆኑ እነሱው ለእንግዳው ይንገሩት፣ ለጊዜያቸውም ይከፈላቸው።

ጊዜ ከሌላችሁ በሳምንት ግማሽ ቀን ይበቃል፣ ግን ቀኑን አትቀያይሩት። ሻጋታም ምስጥም ሳይታይ ከሰነበተ ማጽዳቱ ይከብዳል።