ስፓኒሽን በአማርኛ በኩል፦ ለሃይስኩል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው

ቨርጂንያ ውስጥ በአንድ ሃይስኩል ስፓኒሽ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ክፍሌ ውስጥ አማርኛ የሚናገሩ ልጆች አይጠፉም። አንዳንዶቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ሌሎቹ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ወላጆች ሲያገኙኝ «እንግሊዝኛው ሳይደላደል ሌላ ቋንቋ አይከብደውም ወይ?» ይሉኛል። ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በኩል ከተማረው አዎ፣ ይከብደዋል። በአማርኛ በኩል ከመጣበት ግን ብዙው መንገድ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀው ልጅ ለሳምንታት የሚታገለውን ሰዋስው አማርኛ ተናጋሪው ቤቱ ውስጥ ሲናገረው ነው ያደገው። ችግሩ ይህን የሚነግረው ሰው አለመኖሩ ነው። እኔ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ምዝገባውን እንጨርስ። ትምህርቱ «ወርልድ ላንጉዌጅ» በሚል ስም ነው የሚገኘው። ከስፓኒሽ 1 ይጀምርና አብዛኛውን ጊዜ እስከ 4 ይሄዳል፤ ከዚያ ኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ የሃይስኩል ኮርስ) ይመጣል። ቨርጂንያ ውስጥ አድቫንስድ ስተዲስ ዲፕሎማ (ከመደበኛው ከፍ ያለውን የሃይስኩል ዲፕሎማ) የሚፈልግ ተማሪ አንድ ቋንቋ 3 ዓመት፣ ወይም ሁለት ቋንቋ እያንዳንዱን 2 ዓመት መማር አለበት። የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ለመግቢያ 2 ዓመት ይጠይቃል፣ 3 ዓመት ይመክራል። ስለዚህ ከተቻለ 9ኛ ክፍል ላይ ጀምሩ። 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ላይ የመጣችሁ ልጆች ካውንስለራችሁ (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) «መጀመሪያ እንግሊዝኛው ይለቅ» ሊላችሁ ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን መውሰድ እንደምትፈልጉ በትሕትና ግን በግልጽ ንገሩት። አዲስ ለመጣ ተማሪ ስፓኒሽ 1 ትልቅ እረፍት ነው። ሌላ ክፍል ውስጥ ሁሉም ቀድሞት ሄዷል፤ እዚህ ግን አብዛኛው ልጅ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ «ሄሪቴጅ ስፒከርስ» የሚል ክፍል ካያችሁ እሱ ቤታቸው ውስጥ ስፓኒሽ እየሰሙ ላደጉ ልጆች ነው። በስህተት እዚያ ከመደቧችሁ ቶሎ አስቀይሩ።

አሁን ወደ ድምፁ። ስፓኒሽ አምስት አናባቢ ብቻ ነው ያለው፤ አምስቱንም ፊደል ቆጥራችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ሃምስ፣ ሳብዕ፤ አለቀ። የግዕዙ «ገ» እና የሳድሱ «ግ» አናባቢ ስፓኒሽ ውስጥ የለም። እዚህ ያደጉ ልጆች እንግሊዝኛ ስለለመዱ «አሚጎ»ን «እሚጎ» አድርገው ይውጡታል። በፊደል አስቡት፦ አ-ሚ-ጎ። እያንዳንዱ ሙሉ ነው። «ኝ» የሚለውም ድምፅ ለሌላው ልጅ አዲስ ነው፤ «ኒኞ» (ልጅ)፣ «ማኛና» (ነገ) ለናንተ ምንም አይደሉም።

ሁሉም የሚፈራት ረ አለች። «ፔሮ» ላልቶ ሲነበብ «ግን» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ «ውሻ»። አሜሪካዊው ልጅ ምላሱን ለማንቀጥቀጥ መስታወት ፊት ይቆማል። እናንተ «ሠራ» በሉ። ከዚያ «ይሠራል» በሉ። በመጀመሪያው ረ ጠብቃለች፣ በሁለተኛው ላልታለች። የምትፈልጉት ልዩነት ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ልምምድ አያስፈልጋችሁም፤ ትንሽ ረዘም ማድረግ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአዲስ ቃል ጎን አነባበቡን በፊደል ብትጽፉ አልቃወምም። ስፓኒሽ እንደተጻፈ ስለሚነበብ በፊደላችን ጥሩ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ግን ተዉት፤ ካልተዋችሁት ዓይናችሁ የላቲኑን ፊደል ማንበብ ያቆማል።

አሁን ልቤ ያለበት ቦታ ደረስን፤ ግሡ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «አብሎ» (እናገራለሁ) ለማለት ሁልጊዜ ከፊቱ «ዮ» (እኔ) መጨመር ያምረዋል። የናንተ ጆሮ ግን «እናገራለሁ» ሲባል እኔ እንደሆንኩ ይሰማል፤ «ትናገራለህ» ሲባልም አንተ። ስፓኒሽም እንዲሁ ነው። አብሎ፣ አብላስ፣ አብላ፣ አብላሞስ፣ አብላን፤ ማን እንደሚናገር መጨረሻው ይነግራችኋል። ተውላጠ ስሙን እንደ አማርኛ ለማጉላት ስትፈልጉ ብቻ አምጡት። እነዚህን መጨረሻዎች እንደ «ሀ ሁ ሂ ሃ» በዜማ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አውጧቸው። በዓይን ብቻ የተያዘ ግሥ ፈተና ላይ ይጠፋል፤ በአፍ የተያዘ ግን አይጠፋም።

አንድ ቀን «ሜ ጉስታ» የሚባለውን ትምህርት ጀመርን፤ አንድን ነገር እንደምንወድ የምንገልጽበት ነው። ሰሌዳ ላይ ሳልጽፍ በፊት «ሙዚቃ እወዳለሁ» የሚለውን ሞክሩ አልኳቸው። ክፍሉ በሙሉ ከእንግሊዝኛው ገልብጦ «ዮ ጉስቶ» ብሎ ጻፈ። ከመጣች ጥቂት ወር የሆናት አንዲት ልጅ፣ ከኋላ ጥግ የምትቀመጥ፣ ወረቀቷ ላይ በትክክል «ሜ ጉስታ ላ ሙሲካ» ብላ ጽፋ ነበር። እንዴት አወቅሽ ስላት ቀስ ብላ በአማርኛ «ደስ ይለኛል ነው የሚለው አይደል?» አለችኝ። በትክክል! ደስ የሚለው ሙዚቃው ነው፣ ስሜቱ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ነገሩ ብዙ ሲሆንም ግሡ አብሮ ይበዛል፦ መጻሕፍቱ «ደስ ይሉኛል»፣ «ሜ ጉስታን ሎስ ሊብሮስ»። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ደግሞ «ራሴን ያመኛል» ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው መጽሐፍ ይህን ለማስረዳት ብዙ ገጽ ያጠፋል። እናንተ ዝለሉት።

ያለፈው ጊዜም እንዲሁ ነው። ስፓኒሽ ሁለት ዓይነት አለው፤ ስፓኒሽ 2 ላይ ተማሪ የሚያለቅስበትም እዚህ ነው። «ልጅ ሳለሁ ኳስ እጫወት ነበር። አንድ ቀን ወደቅኩ።» «እጫወት ነበር» ያልነው «ሁጋባ» ነው፤ «ወደቅኩ» ያልነው «ሜ ካኢ»። አንዱ ይደጋገም የነበረ ወይም በመካሄድ ላይ የነበረ፣ ሌላው ተደርጎ ያለቀ። ስትጠራጠሩ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ በሉትና «እ... ነበር» ይላል ወይስ አይልም ብላችሁ ጠይቁ። መቶ በመቶ ባይሠራም በጣም ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ስፓኒሽ 3 ላይ ደግሞ ሰብጀንክቲቭ የሚባል ይመጣል፤ ልጆቹ ስሙን ሲሰሙ ገና ይደነግጣሉ። «ይመጣል» እና «ይምጣ» አንድ ናቸው? አይደሉም። የመጀመሪያው ይሆናል ይላል፣ ሁለተኛው ይሁን ይላል። «ቢዬኔ» ይመጣል ነው፤ «ኬ ቤንጋ» ይምጣ። «እንዲመጣ እፈልጋለሁ» ስትሉ «ኪዬሮ ኬ ቤንጋ» ትላላችሁ። ከፍላጎት፣ ከምኞት፣ ከጥርጣሬ በኋላ ግሡ መልኩን ይለውጣል። ጽንሰ ሐሳቡ አላችሁ፤ የቀራችሁ ቅርጹን መያዝ ነው።

ኳስ ሜዳ ላይ የሳልቫዶር ልጆች «ፓሳላ!» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። «አሳልፋት!» ማለት ነው። ኳሷን የምትወክለው «ላ» ከግሡ ጫፍ ላይ ተለጥፋለች፣ ልክ እንደኛዋ «ኣት»።

ቃላትም ቢሆን ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ከጣሊያንና ከዓረብ በኩል ወደ አማርኛ የገቡ ቃላት ብዙ የስፓኒሽ ዘመዶች አሏቸው። «ፋብሪካ» ፋብሪካ ነው። «ጎማ» ጎማ ነው። መኪና ሠሪው «ካምቢዮ» የሚለው በስፓኒሽ ለውጥ ማለት ነው። ፍሬን «ፍሬኖ»፣ ስኳር «አሱካር»፣ ሩዝ «አሮስ»፣ ሎሚ «ሊሞን»። «ማኪና» ግን ማሽን እንጂ መኪና አይደለም፣ «ካሚሳ»ም ሸሚዝ እንጂ ቀሚስ አይደለም። ደብተራችሁ ላይ ለእነዚህ አንድ ገጽ ለዩና ባገኛችሁ ቁጥር ጨምሩ።

አማርኛ የሚያሳስትበትም ቦታ አለ፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉ።

ዋናው «ነው» ነው። ለኛ «አስተማሪ ነች»ም «ቤት ነች»ም አንድ ግሥ ነው። ስፓኒሽ ለሁለት ይከፍለዋል፦ «ሴር» እና «ኤስታር»። ማንነት፣ ሙያ፣ የመጡበት አገር፣ ሰዓትና ቀን በ«ሴር» ይሄዳሉ። ሰውም ሆነ ዕቃ ያለበት ቦታ፣ ስሜትና ጤንነት በ«ኤስታር»። «ጊዜያዊና ቋሚ» የሚለውን የተለመደ ማብራሪያ እኔ አልወደውም። ማድሪድ ስፔን ውስጥ መሆኗ ቋሚ ነው፤ ግን «ኤስታ» ነው የምንለው። ሰውዬው በ«ሴር» «ኤስ አቡሪዶ» ከተባለ አሰልቺ ነው፤ በ«ኤስታር» «ኤስታ አቡሪዶ» ከተባለ ሰልችቶታል። ሁለቱን ማምታታት ሰው ያስቀይማል፣ ስለዚህ በደንብ ያዙት።

ሁለተኛው የስም ጾታ ነው። እኛ ዕቃን ስንፈልግ እናቆላምጣለን፣ «መጽሐፏ» እንላለን፣ ነገ ደግሞ «መጽሐፉ»። ስፓኒሽ እንዲህ አይፈቅድም። «ሊብሮ» ወንድ ነው፣ «ሜሳ» (ጠረጴዛ) ሴት ናት፤ አይለወጡም። ስም ስታጠኑ ብቻውን አታጥኑ። ፍላሽ ካርዱ ላይ «ኤል ሊብሮ»፣ «ላ ሜሳ» ብላችሁ ጻፉ። «ላ ማኖ» (እጅ)፣ «ኤል ዲያ» (ቀን)፣ «ኤል ፕሮብሌማ» መልካቸው ስለሚያሳስት በቀይ አስምሩባቸው። ቅጽሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ ቀይ ቤት «ካሳ ሮሃ» ነው። ዕድሜም «አለኝ» በሚለው ግሥ ነው የሚነገረው፤ 15 ዓመቴ ነው ለማለት «ቴንጎ ኪንሴ አኞስ»። እዚህ ላይ የ«ኞ»ዋን ምልክት የረሳ ተማሪ በጣም የማይሆን ቃል ይጽፋል። ስልካችሁ ላይ ፊደሉን ጫን ብላችሁ ስትይዙ ምልክቶቹ ይመጣሉ፤ ከመጀመሪያው ቀን ልመዱት።

አክብሮትን በተመለከተ «ቱ» አንተና አንቺ ነው፣ «ኡስቴድ» እርስዎ። ለአስተማሪና ለማታውቁት ትልቅ ሰው «ኡስቴድ» በሉ፤ ከቤታችሁ የመጣው ጨዋነት እዚህም ይሠራል። ከሳልቫዶርና ከጓቲማላ የመጡ ልጆች በ«ቱ» ፈንታ «ቦስ» ሊሉ ይችላሉ። ስህተት አይደለም፣ የአገራቸው አነጋገር ነው።

አጠናኑ ላይ ብዙ አልልም። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ እሑድ ማታ ከሚደረግ የሦስት ሰዓት ጥናት ይበልጣል። ከሃያው ግማሹ ድምፅ የሚወጣበት ይሁን። ዩኒቪዥን ወይም ቴሌሙንዶ ላይ የኳስ ጨዋታ ክፈቱ፤ ጨዋታውን እያያችሁት ስለሆነ ኮሜንታተሩ ምን እንደሚል ትገምታላችሁ። ሆምወርክ በጎግል ትራንስሌት አትሥሩ። ስፓኒሽ 1 ላይ ያለ ልጅ ሰብጀንክቲቭ ጽፎ ሲያመጣ አስተማሪ ወዲያው ያውቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ልጁ ራሱ ምን እንደጻፈ አለማወቁ ነው። የተሳሳተ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር አምጡልኝ፣ እሱን አርሜ አስተምራችኋለሁ። ክፍል ውስጥም እጃችሁን አውጡ። በእንግሊዝኛ አነጋገሬ ይሳቅብኛል ብሎ ዝም ያለ ልጅ በስፓኒሽ ዝም የሚልበት ምክንያት የለም፤ እንዲያውም ድምፁ ከሌላው የጠራ ነው።

ወደ ኤፒ ለምትደርሱ፣ ፈተናው በሜይ ወር ይሰጣል፣ ውጤቱም ከ1 እስከ 5 ነው። ብዙ ኮሌጆች ለ3 ወይም ለ4 እና ከዚያ በላይ ክሬዲት ይሰጣሉ፤ የምትፈልጉትን ኮሌጅ ድረ ገጽ አስቀድማችሁ እዩ።

ወላጆች፣ ይህቺ ለእናንተ ናት። «ሲል ኦፍ ባይሊትረሲ» የሚባል ማኅተም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ካሊፎርንያ ውስጥ በሕግ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ስቴቶች ተዛመተ። በእንግሊዝኛና በሌላ አንድ ቋንቋ ብቃቱን ላሳየ ተመራቂ ዲፕሎማው ወይም ትራንስክሪፕቱ ላይ ይደረጋል። ያ ሌላ ቋንቋ ስፓኒሽ ብቻ አይደለም። አማርኛን የሚመዝኑ ፈተናዎችም አሉ፤ አንዳንድ ዲስትሪክቶች በፈተናው የቋንቋ ክሬዲት ይሰጣሉ። ፈተናው መናገር ብቻ ሳይሆን መጻፍም ሊጠይቅ ስለሚችል ልጃችሁ ፊደሉን ማወቅ አለበት። መስከረም ላይ ካውንስለሩን «የአማርኛ ፈተና ትሰጣላችሁ? ምዝገባው መቼ ያልቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ክሬዲቱን በአማርኛ ካገኘ ስፓኒሹን ሳይጨነቅ፣ ስለወደደው ብቻ መማር ይችላል።