ሳብዉፈር ሲያስቸግር፦ ከስፒናው እስከ ስፒከሩ

ባለ 12 ኢንች ሳብዉፈር (ባሱን የሚያወጣው ትልቅ ስፒከር) አጉል ድምፅ ሲያወጣ ወይም ጭራሽ ሲጠፋ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያነሳው ካቻቢቴ ነው። ሳጥኑን ለመፍታት አትቸኩሉ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሳጥኑ ውጭ ነው፤ ሶኬቱ፣ ገመዱ፣ ሴቲንጉ፣ አለዚያም ራሱ ሳሎኑ። ስለዚህ ፍተሻው ከግድግዳው ተነስቶ ወደ ስፒከሩ ይሂድ። ከዚህ በታች ሪሲቨር የምንለው የሆም ቲያትሩን፣ ማለትም ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን ነው፤ የዲሹ ሲሆን «የዲሽ ሪሲቨር» እንላለን።

በራሱ ይጠፋል፣ ፊውዝ ይበላል፣ ይግላል

ባሱ በመታ ቁጥር የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ ይላል? መልቲሜትር ኤሲ ላይ አድርጋችሁ ሶኬቱን ለኩ። 220 ገደማ የነበረው ባሱ ሲመታ ወደ 190 ከወረደ፣ መስመሩ ቀጭን ነው ወይም የሆነ ቦታ ላልቷል። ዲቫይደሩን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከሞቀ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሳብዉፈሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ያም ካልረዳ ከብሬከሩ እስከ ሶኬቱ ያለው ሽቦ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መሆኑን ኤሌክትሪሺያን ያረጋግጥላችሁ፤ ለአምፖል የተዘረጋው 1.5 ሽቦ ላይ ሶኬት የተቀጠለበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ባስ ሳይኖርም ማታ ማታ ቮልቱ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ የሰፈሩ መስመር ነውና መላው ስታቢላይዘር ነው። 500 ዋት ሳብዉፈር፣ 400 ዋት ሪሲቨርና ቲቪ አንድ ላይ ከ1000 ዋት በላይ ስለሚሆኑ ከ2000 ቪኤ በታች አትግዙ። ርካሹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ደግሞ ግማሹን ብቻ እመኑ። መብራት ሲሄድ ስፒናውን ንቀሉ፤ ከተመለሰ በኋላም አምስት ደቂቃ ያህል ታገሱ። ፓወር ሰፕላይ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ በሚመለስባት ቅጽበት ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ዕቃ ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ 220 ላይ አንዴ ከተሰካ አበቃ። ቢያንስ 1000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ማብሪያው አጠገብ 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ ካለው ግን ስፒናው ተነቅሎ እያለ ወደ 230 መግፋት ይበቃል።

ፊውዝ ሲቃጠል የምትተኩት በዚያው ቁጥር ነው። 5 አምፒር ከሆነ 5፣ ቲ ፊደል ካለበትም ባለ ቲውን። የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ ማስገባት ቤት ማቃጠል ነው። አዲሱ ወዲያው ከተቃጠለ ደግሞ ሦስተኛ አትሞክሩ፤ ውስጥ ሾርት አለ ማለት ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። ብርዱ ያታልላል እንጂ ስስ አየር ሙቀትን ተሸክሞ የሚወስደው ያነሰ ነው። ከግድግዳው 15 ሳንቲሜትር አርቁት፤ ከላይ የተጣለውን ዳንቴልም የጀርባውን ብረት እንዳይሸፍን ሰብስቡት። በነገራችን ላይ በዚህ ከፍታ ያው ሳብዉፈር ባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው በ2 ዲሲቤል ገደማ ቢያንስ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም።

ምንም ሳይከፈት «እምምም» ይላል

ይህ 50 ወይም 100 ሄርዝ ነው፤ ከመብራቱ የሚመጣ። መንስኤውን ለማግኘት መግዛት ያለባችሁ ነገር የለም፤ በቅደም ተከተል መንቀል ብቻ ነው።

መጀመሪያ የአርሲኤውን፣ ማለትም ከሪሲቨሩ የሚመጣውን የድምፅ ገመድ፣ ፒን ከሳብዉፈሩ ጀርባ ንቀሉ። እምምታው ከቀጠለ ጥፋቱ የሳብዉፈሩ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያረጁ ካፓሲተሮች ናቸው፣ ወደ ጥገና ይሂድ። ከቆመ ግን የሚገባው በገመዱ ነው። ፒኑን መልሱና አሁን ከጣሪያ የሚወርደውን የዲሽ ገመድ ከዲሽ ሪሲቨሩ ፍቱ። እዚህ ላይ ጸጥ የሚልበት ቤት ብዙ ነው። የዲሹ ብረት ከቆርቆሮውና ከግድግዳው ጋር ተነካክቶ ለራሱ ወደ መሬት የሚወርድ መንገድ አለው፤ ሳብዉፈሩ ደግሞ በሦስተኛው የስፒና እግር በኩል ሌላ መንገድ አለው። በሁለቱ መካከል ያለው የቮልት ልዩነት በድምፅ ገመዱ ላይ ይዞርና ባስ ሆኖ ይወጣል።

ቀላሉ መላ ሁሉንም፣ ቲቪውንም የዲሽ ሪሲቨሩንም ጭምር፣ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) ባለው አንድ ሶኬት ላይ መሰብሰብ ነው። ካልበቃ ከቲቪው ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደውን ድምፅ በኦፕቲካል ገመድ አድርጉት፤ በብርሃን ስለሚሠራ የመብራት ጅረት አያሻግርም። የዲሽ ሪሲቨሩ ግን በኤችዲኤምአይ ከሪሲቨሩ ጋር ከተገናኘ መንገዱ እንደተከፈተ ነውና ወደ ቲቪው አዙሩት። ዘላቂው መፍትሄ የዲሹን ብረት ከቤቱ ኧርዝ ጋር ማገናኘት ነው። የስፒናውን የኧርዝ እግር ቆርጦ መገላገል ግን አይታሰብ። እምምታው ይጠፋል፣ ውስጥ ፌዝ የነካ ቀን ሳጥኑን የያዘ ሰው ይመታል።

ችግሩ ብዙ ቤት ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ኖሮት ሦስተኛው ባዶ መሆኑ ነው። የሪሲቨሩን ብረት ስትነኩ ጣት ላይ ንዝር የሚል ከሆነ ጠርጥሩ። ኤሌክትሪሺያኑ ፌዝና ኧርዝ መካከል ሲለካ ፌዝና ኒውትራል መካከል የሚያገኘውን ያህል ካላነበበ ኧርዙ የለም።

መብራቱ በርቷል፣ ባስ ግን የለም

ሪሲቨሩ ውስጥ የሳብዉፈሩ ምርጫ «የስ» መሆኑን፣ ትናንሾቹ ስፒከሮች «ስሞል»፣ ክሮስኦቨሩ (ከሱ በታች ያለው ባስ ወደ ሳብዉፈሩ የሚላክበት ድንበር) 80 ሄርዝ ላይ መሆኑን እዩ። ስፒከሮቹ «ላርጅ» ከተባሉ ከስልክና ከዲሽ በስቴሪዮ የሚመጣው ባስ ሁሉ እነሱ ላይ ይቀራል። ሳብዉፈሩ ጀርባ ያለውን የክሮስኦቨር ቁልፍ ደግሞ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ሪሲቨሩ ቆርጦ የላከውን እሱም 50 ላይ ከቆረጠው ከ50 እስከ 80 ያለው፣ ማለትም የከበሮው ምት፣ ይጠፋል።

ድምፅ ሲቀነስ ሳብዉፈሩ የሚተኛ ከሆነ፣ አውቶ ሴታፑ (ሪሲቨሩ በማይክ ለክቶ ራሱ የሚያስተካክልበት) የሳብዉፈሩን ደረጃ ከ−10 ዲሲቤል በታች አድርጎት ይሆናል። የሳብዉፈሩን ቮልዩም ቀንሱና ልኬቱን ድገሙት፤ ሪሲቨሩ ጠንከር ያለ ሲግናል ስለሚልክ አይተኛም።

አንዱ ጥግ ይደልቃል፣ ሌላው ባዶ ነው

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው፤ «ባሱ አነሰ» ተብሎ ሁለተኛ ሳጥን ይገዛል። ጥፋቱ የክፍሉ ነው። 5 በ4 ሜትር የሆነ ሳሎን በርዝመቱ 34፣ በወርዱ 43 ሄርዝ ገደማ ላይ ያስተጋባል። በእነዚህ ላይ ባሱ ግድግዳው ጋር ይከመራል፣ መሃሉ ላይ ይሟሟል። መጅሊስ ደግሞ በሦስት ግድግዳ ተዘርግቶ ሰው ሁሉ ጀርባውን አስደግፎ ስለሚቀመጥ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ባሱ የተከመረበት ቦታ ላይ ነው። አስተናጋጇ ቡና ይዛ መሃል ስትደርስ ደግሞ ባሱ ጠፋ ትላለች።

መፍትሄው ሳብዉፈሩን ፊልም የምታዩበት ቦታ፣ መጅሊሱ ላይ፣ አስቀምጣችሁ ባስ ያለው ሙዚቃ መክፈት ነው። ከዚያ ጆሯችሁን ወለሉ አካባቢ ዝቅ አድርጋችሁ በግድግዳው ዙሪያ ተንቀሳቀሱ። ኖታው አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው። ጥግ ላይ ጉልበት ይጨምራል፣ ጥራት ግን ይቀንሳል፤ ከ50 እስከ 70 ሳንቲሜትር ሳቡት። ከጀርባችሁ ግድግዳም ትራስ ደርባችሁ ራቅ በሉ።

ቦታው ከተገኘ በኋላ የ80 ሄርዝ ድምፅ ክፈቱና ሳብዉፈሩ ጀርባ ያለውን «ፌዝ» የሚል መቀየሪያ (ከመብራቱ ፌዝ ጋር አይገናኝም) ከ0 ወደ 180 አዙሩ። ከፍ ብሎ የተሰማበት ላይ ተዉት። ግድግዳ ላይ ስፖንጅ መለጠፍ ለዚህ ችግር ከንቱ ነው። የ40 ሄርዝ ሞገድ 8 ሜትር ተኩል ይረዝማል፤ 5 ሳንቲሜትር ስፖንጅ አያግደውም። የጭቃ ግድግዳና የአቡጀዲ ኮርኒስ ያለው ቤት ባሱን ወደ ውጭ ስለሚያሳልፍ ድለቃው ያንሳል፣ ጎረቤት ግን ይሰማል። ብሎኬትና ስላብ ያለው ቤት ተቃራኒው ነው፤ ውስጡ ይደልቃል።

ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ቡፌው ያንቃጭላል

ስልክ ላይ ከ20 እስከ 100 ሄርዝ በዝግታ የሚወጣ ድምፅ ክፈቱ፤ መንኳኳቱ በጀመረበት ቁጥር ላይ አቁሙና እየዞራችሁ በእጅ ያዙ። ቡፌው ውስጥ አንዱ ስኒ ከሌላው ጠርዝ ጋር በፀጉር ያህል ርቀት ሲቀመጥ እንደ መርፌ ያለ ድምፅ ያወጣል፤ ስኒዎቹን ለያዩ፣ የቡፌውን መስታወት ጫፍ ላይ ቀጭን ጎማ ለጥፉ። የብረት መስኮት መስታወት ማስቲሹ ደርቆ ከረገፈ በሲልኮን ይያዝ። የጣሪያው ከሆነ ጎማው ያለቀ ሚስማር ነው፤ ጎማ ባለው ብሎን ቀይሩት። ዝናብ ሳይገባ መሠራቱ ለሌላም ይጠቅማል።

ሲጮህ ይቀደዳል፣ ይፋጫል

አሁን ወደ ስፒከሩ ደረስን። ቮልዩም ሲቀነስ የሚጠፋ ከሆነ ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል፤ ቀንሱት። ፉፍ የሚል የአየር ድምፅ ከሳጥኑ የአየር ቀዳዳ ከመጣም ነገሩ ያው ነው። በትንሽ ድምፅም የሚፋጭ ከሆነ ግን ስፒናውን ነቅላችሁ፣ በሁለት እጅ ጣቶች ወረቀቱን ከመሃሉ ዙሪያ እኩል ወደ ውስጥ ግፉት። ሳር ሳር የሚል መፋጨት ካለ ኮይሉ (ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሎ አብጧል ወይም ከመስመሩ ወጥቷል። የተቃጠለ ሽታም ይኖረዋል።

ለማረጋገጥ የስፒከሩን ሁለት ሽቦ ከአምፑ ነቅላችሁ ለኩ። ባለ 4 ኦም ከ3 እስከ 4፣ ባለ 8 ኦም ከ5.5 እስከ 7 ቢያነብ ደህና ነው። ጨርሶ ካላነበበ ተበጥሷል። መልቲሜትር ከሌለ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት አስነኩት፤ ወረቀቱ ቀጭ ብሎ ከተነሳ ኮይሉ አልተበጠሰም። አምፑን ግን አትክፈቱ፤ ካፓሲተሮቹ ከተነቀለም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ኮይሉ ደህና ሆኖ የጠርዙ ፎም ብቻ ከተሰነጠቀ ስፒከሩ አልሞተም፤ በልኩ አዲስ ጠርዝ ይለጠፍለታል። በሱፐር ግሉ ግን አይሆንም፣ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ሲደርቅም የሚተጣጠፍ ማጣበቂያ ያስፈልጋል። ሳጥኑ በተከፈተበት ቀዳዳውን ከውስጥ በኩል ሰፋ ባለ የሽቦ ወንፊት ሸፍኑት፤ አይጥ በዚያ ገብቶ የስፒከሩን ሽቦ ይበላል፣ በጥጡም ጎጆ ይሠራል። ወንፊቱ በጣም ከጠበበ አየሩን ያፍናል፣ እርሳስ ካስገባ ደግሞ ትንሽ አይጥ ያስገባል፤ ስለዚህ ከእርሳስ ውፍረት በጥቂቱ የጠበበ ይሁን።