ዜሮ ትረስት ገዝታችኋል? መጀመሪያ የሰርቨር ዝርዝራችሁን አሳዩኝ

በድርጅቶች ኔትዎርክ ላይ የማያቸው ስህተቶች አዲስ አይደሉም። የሚለዋወጠው ስህተቱን የሚሸፍነው ዕቃ ስም ነው። አንድ ሰሞን ፋየርዎል ነበር፣ ከዚያ ክላውድ መጣ፣ አሁን ዜሮ ትረስትና ኤአይ ነው። ከፋብሪካ የመጣውን ፓስዋርድ ስለ መቀየር እዚህ አላወራም። እሱን ካልቀየራችሁ ይህን ጽሑፍ ተዉትና ሄዳችሁ ቀይሩ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዜሮ ትረስትን እንደ ዕቃ መግዛት

እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ፣ ታገሱኝ።

ዜሮ ትረስት በካርቶን ታሽጎ አይመጣም። ጆን ኪንደርቫግ በ2010 ፎረስተር በተባለው የምርምር ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ አንድ ሰው ወይም መሣሪያ የድርጅቱ ኔትዎርክ ውስጥ ስላለ ብቻ አይታመን የሚል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2020 ባወጣው ሰነድም ነገሩ ያው ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ይመርመር። ማን ነው? በምን መሣሪያ መጣ? ምን ሊነካ ነው? ይህን ለመወሰን ግን ያላችሁን ማወቅ አለባችሁ። የትኛው ሰርቨር ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ፣ የትኛው አካውንት የማን እንደሆነ የማያውቅ ድርጅት ምን ዓይነት ሕግ ሊጽፍ ነው?

የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሶፍትዌሩ ይገዛል፣ ኮምፒውተሮቹ ላይ ይጫናል፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሂሳብ ክፍሉ ሲስተም አልከፍት ይላል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ኃላፊውም ይጮኻል፣ የአይቲው ልጅ ደግሞ መገላገያ ቢያጣ ከሕጎቹ ሁሉ በላይ «ማንኛውም ሠራተኛ ወደ ማንኛውም ሲስተም ይለፍ» የሚል መስመር ይጨምራል። ለጊዜው ብሎ ነው። አንድ ድርጅት ጠርቶኝ ሄጄ ይህንኑ መስመር አገኘሁት። የጻፈው ልጅ ሥራ ለቆ ሄዷል፣ መስመሩ ግን እንዳለ ነው። ሲስተሙ ሕጎቹን ከላይ ወደ ታች እያነበበ መጀመሪያ የገጠመለት ላይ ስለሚቆም፣ ከሥር በጥንቃቄ የተጻፉት ሕጎች አንዳቸውም አይሠሩም። ክፍያው ግን በየዓመቱ ይከፈላል። ሪፖርቱም «ዜሮ ትረስት ተግባራዊ ሆኗል» ይላል።

ልጁን አልወቅሰውም። የሚወቀሰው ያለ ዝርዝር ሥራ ያስጀመረው ነው።

ስለዚህ ከዝርዝሩ ጀምሩ። ራውተሮቻችሁ ኔትፍሎው (የማን ከማን ጋር ግንኙነት መዝገብ) የሚያወጡ ከሆነ አብሩትና ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ለጥቂት ሳምንታት አጠራቅሙ። የወር መዝጊያ ቀናት ይካተቱ። ወር ሲያልቅ ብቻ የሚነቃ ሲስተም ሁልጊዜ አለ፣ እሱን ሳታዩ የጻፋችሁት ሕግ ደመወዝ ሊከፈል ሲል ጉድ ያደርጋችኋል። ከዚያ አንድ ሲስተም ብቻ ምረጡ። የውጭ ኮንትራክተሮች የሚገቡበት ቢሆን ደስ ይለኛል። በ2013 ከአሜሪካው ቸርቻሪ ታርጌት የ40 ሚሊዮን ካርድ መረጃ ሲሰረቅ ሌቦቹ የገቡት የማቀዝቀዣ ሥራ ከሚሠራለት ኩባንያ በሰረቁት መግቢያ ነበር። አንዱ ሲስተም በሥርዓት ሲሠራ ወደሚቀጥለው እለፉ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ሻጩም ይህን አይነግራችሁም፣ ዝርዝር መሥራት ኮሚሽን የለውም።

ኔትዎርኩን በቪላን (VLAN) ከፋፍሎ መሃሉን ክፍት መተው

«እኛ እኮ ኔትዎርኩን ከፋፍለናል» ይሉኛል። እውነት ነው ከፋፍለዋል፣ ለሂሳብ አንድ ቪላን (በአንዱ ኔትዎርክ ውስጥ የሚከለል ክፍል)፣ ለሰው ኃይል አንድ፣ ለካሜራዎች አንድ። በመሃላቸው ያለው ራውተር ግን ሁሉንም ወደ ሁሉም ያሳልፋል። ይህ የአድራሻ ድልድል ነው፣ መከላከያ አይደለም።

ኖትፔትያ የተባለውን ቫይረስ አስታውሱ። ሰኔ 27 ቀን 2017 ከአንድ የዩክሬን የሂሳብ ሶፍትዌር አፕዴት ተነስቶ የመርከብ ኩባንያውን ሜርስክን አንበረከከው። ኩባንያው ወደ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደገና መጫን ነበረበት። የተጠቃሚዎቹን አካውንቶች የሚያስተዳድሩት ዶሜይን ኮንትሮለሮች ጠፍተው፣ አንዱ ብቻ ጋና ውስጥ መብራት በመጥፋቱ ምክንያት ተርፎ ተገኘ። ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ «ፓች አድርጉ»፣ ማለትም የሶፍትዌሩን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ጫኑ፣ የሚለውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ማይክሮሶፍት የሚያስፈልገውን ፓች ያወጣው እኮ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ግን ፓች የተደረጉ ማሽኖችም ወድቀዋል። ቫይረሱ በአንድ የተያዘ ኮምፒውተር ሜሞሪ ላይ የአድሚን መግቢያ ካገኘ፣ በዚያው መግቢያ እንደ ሕጋዊ አስተዳዳሪ ወደ ቀጣዩ ማሽን ያልፋል። ከሂሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተር ወደ ባልደረባው ኮምፒውተር ምን የሚያስኬድ ሥራ አለ? ምንም። ዝጉት። ኔትዎርኩን በሙሉ የሚያዘው የዶሜይን አድሚን አካውንትም በተራ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ በፍጹም አይከፈት፣ ፕሪንተር ለመጫንም ቢሆን። በተለይ ፕሪንተር ለመጫን።

ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ የቀረ አንድ በር

በ2021 ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ አስተላላፊ የተጠቃው ማንም በማይጠቀምበት የድሮ ቪፒኤን (ከርቀት ወደ ድርጅቱ ኔትዎርክ የሚገባበት መስመር) መግቢያ ነበር። ፓስዋርድ ብቻ ነበር የሚጠይቀው፣ እንደ ስልክ ኮድ ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ቤዛው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የሕክምና ክፍያዎችን በሚያስተላልፈው ቼንጅ ሄልዝኬር ላይ ያው ነገር ተደገመ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ያልተደረገበት አንድ የርቀት መግቢያ፣ 22 ሚሊዮን ዶላር ቤዛ። ሁለቱም ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው፣ የደኅንነት ሠራተኛም በጀትም ነበራቸው።

ጀማሪዎች እዚህ ላይ «እኛ ጋ አለ» ብለው ያልፋሉ። አብዛኛው ላይ አለ ማለታቸው ነው። የቀረው የትኛው ነው? የድሮው ቪፒኤን፣ የሥራ አስኪያጁ ስልክ «ስለሚያስቸግረው» የተተወለት፣ ስካነሩ ኢሜይል የሚልክበት አካውንት። አጥቂው የሚፈልገው እነዚህኑ ነው።

ሌላም አለ። ስልክ ላይ «ፍቀድ» የሚለውን መጫን ብቻ የሚጠይቅ ማረጋገጫ አይበቃም። በ2022 ኡበር የተጠቃው አንድ ኮንትራክተር በተደጋጋሚ የመጣለትን ጥያቄ በመጨረሻ ስለፈቀደ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር የሚያስገባ ይሁን። የተሻለው ደግሞ ፓስኪ (በስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ፣ በፓስዋርድ ፋንታ የሚሠራ ቁልፍ) ነው፣ ምክንያቱም የተጭበረበረ ድረገጽ ላይ አይሠራም።

ፓስዋርድ በየ90 ቀኑ ማስቀየር

ተዉት። ኒስት ራሱ በ2017 ያለ ምክንያት በየጊዜው አታስቀይሩ ብሏል። ሰው መጨረሻው ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ይቀይራል፣ አለቀ።

አፕዴትን ለሁሉም ማሽን በአንዴ መልቀቅ

ሐምሌ 19 ቀን 2024 የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያው ክራውድስትራይክ በለቀቀው የተበላሸ ፋይል ምክንያት 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ሁሉም «ቀስ እያልን እንለቃለን» አለ። ጥሩ። ግን አንድ ነገር ይረሳል፤ ያን ቀን ሶፍትዌሩን ሆን ብለው አንድ ቨርዥን ወደ ኋላ ያስቀሩ ደንበኞችም ወድቀዋል። ቅንብሩ የሚገዛው ዋናውን ፕሮግራም እንጂ በየቀኑ የሚወርደውን የመለያ ፋይል አልነበረም። ለሻጩ የምትጠይቁት ጥያቄ ይሄ ነው፦ እኔ ማዘግየት የማልችለው ምን ዓይነት አፕዴት ትልኩብኛላችሁ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ኔትዎርኩን በራሱ በኔትዎርኩ ብቻ ማስተዳደር

ፌስቡክ ጥቅምት 4 ቀን 2021 ለስድስት ሰዓት ያህል የጠፋው ለጥገና በተሰጠ አንድ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የዳታ ሴንተሮቹን ማገናኛ አቋረጠ፣ የድረገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉሙት የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹም ራሳቸውን ከኢንተርኔት አወጡ፣ ችግሩን ለማስተካከል የሚያስፈልጉት የውስጥ መሣሪያዎችም አብረው ወደቁ። እናንተ የእነሱን ያህል ባትሆኑም ነገሩ አንድ ነው። ለዋናው ራውተር በሌላ መስመር የሚገባ ኮንሶል ይኑራችሁ፣ በሲም ካርድም ቢሆን። ከርቀት ስትሠሩ ደግሞ ሲስኮ ራውተር ላይ መጀመሪያ «ሪሎድ ኢን 10» (ከ10 ደቂቃ በኋላ ጠፍተህ ተነሳ) በሉ፣ ጁኒፐር ላይ «ኮሚት ኮንፈርምድ» (ካላረጋገጥኩ ለውጡን መልሰው)። ራሳችሁን ዘግታችሁ ብትወጡ መሣሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ብቻ ሲስኮው ላይ ለውጡን ቶሎ ሴቭ አታድርጉት፣ ሪሎዱን መሰረዝም አትርሱ።

ሰርተፍኬትን በኤክሴል መከታተል

እስካሁን ኤክሴሉ ይሠራ ይሆናል። ከመጋቢት 2029 ጀምሮ ግን ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ድረገጾች የቲኤልኤስ ሰርተፍኬት (የድረገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው) ከ47 ቀን በላይ አይቆይም፣ እስከዚያም ደረጃ በደረጃ እያጠረ ይሄዳል። በእጅ የሚታደስ ነገር አይደለም። የአሜሪካው የብድር መረጃ ኩባንያ ኢኩፋክስ በ2017 የደረሰበትን ጥቃት ለረጅም ጊዜ ያላየው ትራፊኩን የሚመረምረው መሣሪያ ሰርተፍኬት ጊዜው አልፎበት ስለነበር ነው። ሰርተፍኬቱ ሲታደስ አጠራጣሪው ትራፊክ ወዲያው ታየ።

ባክአፑን እዚያው ማስቀመጥ

ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ) የሚለቁት ሰዎች ከገቡ በኋላ ከሚፈልጓቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ባክአፕ ነው። የባክአፕ ሰርቨሩ በዚያው ዶሜይን አድሚን አካውንት የሚከፈት ከሆነ ባክአፕ የላችሁም። እሳትም አለ፤ በ2021 የክላውድ ኩባንያው የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ስትራስቡርግ ላይ ሲቃጠል ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። እስኪ ዛሬ አንድ ሰርቨር ከባክአፕ መልሳችሁ አስነሱ። የሰርቨሩ መነሳት ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደፈጀም ጻፉት።

ሎግን (መሣሪያዎቹ የሚይዙትን የክስተት መዝገብ) ከጥቃቱ በኋላ መፈለግ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው። «ማን እንደገባ እንይ» ሲባል ፋየርዎሉ የያዘው የትናንትናን ብቻ ሆኖ ይገኛል፣ የስዊቾቹ ሰዓት ደግሞ ከሰርቨሮቹ በአርባ ደቂቃ ይለያያል፣ ስለዚህ የትኛው ክስተት የትኛውን እንደቀደመ ማወቅ አይቻልም። ሁሉንም መሣሪያ ሰዓት ከሚያስተካክል አንድ የኤንቲፒ ሰርቨር ጋር አገናኙ። ሎጉን ወደ ሌላ ማሽን ላኩ።

ኮንፊግን ለኤአይ መለጠፍ

አዲሱ ትውልድ የሚወደው ስህተት ይህ ነው፣ ልጆቹንም እወዳቸዋለሁ። ችግር ሲገጥማቸው የራውተሩን ኮንፊግ (የቅንብር ፋይሉን) እንዳለ ገልብጠው ቻትቦት ላይ ይለጥፉታል፣ መሣሪያውን ለመከታተል ከሚያገለግለው ከነኤስኤንኤምፒ ቁልፉ፣ ከነቪፒኤን ሚስጥሩ። ፓስዋርዶቹ «ኢንክሪፕት ተደርገዋል» ይሉኛል። የሲስኮ ታይፕ 7 የሚባለው አጻጻፍ ኢንተርኔት ላይ ባለ ነጻ መሣሪያ በሰከንድ ይፈታል። የሚስጥር መስመሮቹንና የውጭ አድራሻዎቹን አውጥታችሁ ለጥፉ። አንዴ ለጥፋችሁ ከሆነም ቁልፎቹን ዛሬውኑ ቀይሩ።