አሜሪካ ውስጥ ቆማ ባለች መኪና ቁጭ ብላችሁ ፖሊስ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ

ኡበርና ሊፍት የምትሰሩ ልጆች ፓርኪንግ ውስጥ ራይድ (የተሳፋሪ ጥሪ) መጠበቅ የስራችሁ አካል ነው፣ ማታ ፖሊስ መስኮት ሲያንኳኳ ግን ብዙ ሰው ይደነግጥና ወይ ሞተር አስነስቶ ሊሄድ ይላል ወይ ያልተጠየቀውን ሁሉ ይዘረግፋል፣ ሁለቱም ጣጣ ያመጣል።

መጀመሪያ እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ፣ የውስጥ መብራት አብሩ፣ ቦርሳና ኮመዲኖ አትነካኩ። ፖሊስ መጥቶ "ሰላም ነው? እዚህ ምን ትሰራለህ?" ለማለት ምንም ምክንያት አያስፈልገውም፣ በባትሪ ወደ ውስጥ ቢያይም ፍተሻ አይባልም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 ወስኖታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። መሪ ላይ የተደፋ ሰው ካየማ ታሞ እንደሆነ ማጣራት ይችላል። "ራይድ እየጠበቅኩ ነው" ብላችሁ በትህትና ከመለሳችሁ ብዙ ጊዜ እዛው ያልቃል።

ካላለቀ ቀጥሎ በእርጋታ "አም አይ ፍሪ ቱ ጎ?" (መሄድ እችላለሁ?) በሉ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ትችላለህ ካለ ቀስ ብላችሁ ውጡ። አትችልም ካለ፣ ወይ መውጫ እንዳይኖራችሁ መኪናውን ከኋላ ደቅኖ ከቆመ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት ካበራ፣ መንጃ ፈቃዳችሁን ይዞ ከቆየ፣ ፍርድ ቤቶች ብዙ ጊዜ ይሄን ማስቆም፣ ማለትም ይዞ ማቆየት፣ ነው ይሉታል። ለዛ ደግሞ ከ1968ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የቴሪ ውሳኔ ጀምሮ ሪዝነብል ሰስፒሽን (ምክንያታዊ ጥርጣሬ) ያስፈልገዋል፣ ማለትም አይቶ በቃል ሊያስረዳው የሚችለው ነገር፣ ለምሳሌ ታርጋው የተሰረቀ መኪና ሆኖ ሲገኝ። ሰፈሩ ወንጀል ይበዛበታል የሚለው ብቻውን አይበቃም።

ሰስፒሽን የለህም ብላችሁ ግን እዛው አትከራከሩ። በህግ ካስቆማችሁ ሹፌሩን ከመኪና ውረድ ማለት ይችላል (የጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1977 ውሳኔ)፣ ተሳፋሪውንም እንደዛው (የ1997 ውሳኔ)፣ ስለዚህ ውረዱ።

መኪናውን ልይ ካለ ግን ይሄ ጥያቄ ነው፣ እንቢ ማለት ትችላላችሁ፣ መብታችሁ መሆኑን እንዲነግራችሁም አይገደድም። "አይ ዶንት ኮንሴንት" (አልፈቅድም) በሉና ዝም በሉ፣ በሩን አትያዙበት። መኪናው ውስጥ የወንጀል ማስረጃ አለ ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካለው ያለ ፍርድ ቤት ወረቀት መፈተሽ ይችላል። የማሪዋና ሽታ ብቻውን ግን ቨርጂኒያ ከ2021፣ ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ለፍተሻ ምክንያት አይሆንም።

አደራ የምለው ስለ መጠጥ ነው። ጠጥቼ ከምነዳ መኪና ውስጥ ልተኛ የሚል ሰው ሃሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ቨርጂኒያ መንገድ ዳር ሹፌር ወንበር ላይ ቁልፍ ሰክታችሁ ከተቀመጣችሁ ሞተሩ ባይነሳም በዲዩአይ (ጠጥቶ በመንዳት) ልትከሰሱ ትችላላችሁ፣ የ2012 ውሳኔ አለ። ሜሪላንድ በ1993 ለመጠለያ ብቻ የተኛን ሰው እንደነዳ አልቆጠረም፣ ያም ቢሆን ቁልፉ የት ነበር፣ የት ወንበር ላይ ነበርክ እየተባለ ነው የሚታየው። ታክሲ ጥሩና ሂዱ።

ፖሊሱ ሲሄድ የባጅና የመኪናውን ቁጥር፣ የት እንደቆመ፣ መብራቱን መቼ እንዳበራ፣ መንጃ ፈቃዱን መቼ እንደወሰደና እንደመለሰ እዛው ስልካችሁ ላይ ፃፉ፣ ክስ ከመጣ ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይሄን ነው።