በወረርሽኝ ወቅት ለስኪ ወደ አልፕስ ለሚሄዱ፦ ወረቀቱ፣ ሻንጣውና ጉልበቱ

እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ኢሽግል የምትባል የኦስትሪያ የስኪ (በበረዶ ላይ የመንሸራተት) መንደር ኮሮናን ወደ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ካሰራጩት ቦታዎች አንዷ ሆነች። በሽታው በብዛት የተጋባው ስኪው ሲያበቃ ሰው ተፋፍጎ በሚጠጣባቸውና በሚዘፍንባቸው መሸታ ቤቶች ነበር። በቀጣዩ ወር የኢንስብሩክ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ የመንደሯን ነዋሪዎች ሲመረምር 42.4 በመቶው በቫይረሱ ተይዘው እንደነበር የሚያሳይ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘባቸው። ቁልቁለቱ ላይ ነፋስ አለ፣ ሰውም ይራራቃል። ስለዚህ ዝግጅታችሁን በዝግ ቤትና በዝግ ካቢን የምታሳልፉትን ደቂቃ ከማሳጠር ጀምሩ።

ቦታውና ቀኑ

ከፍተኛ ቦታ የተሠሩ መንደሮች ይመረጣሉ፤ ከደጃፋችሁ በቀጥታ ስኪ አድርጋችሁ ትወጣላችሁ። ሸለቆ ውስጥ ካደራችሁ ግን በየጠዋቱ አውቶቡስ፣ ቀጥሎም ዝግ ጎንዶላ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ተራራ የሚወጣ ካቢን፣ ይጠብቃችኋል። ከመክፈላችሁ በፊት የተራራውን ካርታ አውጡና ሰውን ወደ ላይ የሚያወጡትን የሊፍቶቹን ምልክት እዩ። ክፍት የወንበር ሊፍት የሚበዛበት ይሻላል፤ መቶ ሰው አጭቆ የሚወጣ ትልቅ የኬብል ካቢን ብቸኛ መውጫ የሆነበትን ተዉት።

ከጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ወሩ መጨረሻ ሰው ይቀንሳል፣ ብርዱ ግን ይጠነክራል። በፌብሩዋሪ የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች በሦስት ዞን እየተፈራረቁ ስለሚዘጉ መንደሮቹ ለአራት ሳምንት ያህል ይጨናነቃሉ።

ማረፊያችሁ ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ ቢሆን መልካም ነው። ሽሮና በርበሬ ሻንጣ ውስጥ ከገባ የምግብ ቤት ጣጣ ግማሹ አለቀ። ምስር ግን ከለመዳችሁት በላይ ይቆይባችኋል፤ 2,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው።

ወረቀቱ

በኮሮና ወቅት እንደነበረው ድንበርና ሊፍት ላይ የክትባት ሰርተፍኬት ሲጠየቅ፣ ለእኛ ሰው ትልቁ ችግር ስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ የአባትና የአያት ስም ተጽፎ፣ የክትባት ሰርተፍኬቱ ላይ የራስና የአባት ብቻ ይሆናል። አንዱ ጋ ያለችው “ኤች” ወይም ድርብ ፊደል ሌላው ጋ የለችም። ኪውአር ኮዱ ትክክል ቢሆንም ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ ፈታሹ ሊመልሳችሁ ይችላል። ማስተካከያው በመሥሪያ ቤት ወረፋ ስለሚዘገይ ከስድስት ሳምንት በፊት ጀምሩት። ኢትዮጵያ ውስጥ የተከተበ ሰው ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይይ፤ በእኛ አቆጣጠር “2014” የሚል ወረቀት ለኦስትሪያ ፈታሽ ገና ወረርሽኙ ሳይጀምር የተሰጠ ክትባት ይመስለዋል።

ሰርተፍኬትም ዕድሜ አለው። ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ማጠናከሪያ ያልተወሰደበትን ክትባት ለጉዞ የሚቀበለው ለ270 ቀን ብቻ ነበር። ስትቆጥሩ የምትመለሱበትን ቀን ጨምሩ፤ በሳምንቱ አጋማሽ የሚያልፍበት ወረቀት ሊፍት በር ላይ ያስቀራችኋል። የፒሲአር ሰዓትም እንዲሁ ነው፦ 72 ሰዓት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ናሙናው ከተወሰደበት ደቂቃ እንጂ ውጤቱ ከመጣበት አይደለም። እስከ መቼ እንደሆነም፣ እስከ መነሻ ይሁን እስከ መድረሻ፣ የምትሄዱበትን አገር ደንብ አንብባችሁ ቀጠሮ ያዙ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ እንግሊዝ የሚኖር ሰው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም ለፈረንሳይ፣ ለኦስትሪያም ሆነ ለስዊዘርላንድ የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ለቪዛው የሚጠየቀው የ30,000 ዩሮ ኢንሹራንስ ደግሞ የበረዶ ስፖርትን ካልጨመራችሁበት አብዛኛውን ጊዜ ስኪን አይሸፍንም። ቪዛ ተመታልኝ ብሎ ኢንሹራንሱን የዘነጋ ሰው ነው በኋላ የሚያለቅሰው።

ኢንሹራንስ

የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ የመንግሥት ሆስፒታል ሕክምናን ይረዳል፤ ከተራራ የሚያወርዳችሁን ሄሊኮፕተርና ወደ አገር የሚመልሳችሁን ጉዞ ግን አይከፍልም። ለኩባንያው በስልክ ሳይሆን በኢሜይል ጻፉና በጽሑፍ አስመልሱ። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ከመነሻዬ በፊት ብያዝ የከፈልኩት ይመለሳል? እዚያው ብያዝ ተጨማሪ የማረፊያ ቀናቱን ማን ይችላል? መንግሥት ሊፍቶቹን ቢዘጋስ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሚሸፍኑ ውሎች አሉ። ሦስተኛውን ብዙዎቹ ይተዉታል፤ ለእሱ መፍትሔው በነጻ ሊሰረዝ የሚችል ማረፊያ መያዝ ነው። መንግሥታችሁ “አትሂዱ” ካለበት አገር ከሄዳችሁ ውሉ በሙሉ ሊፈርስ እንደሚችልም አስቡ።

ጣሊያን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ስኪ እንዳያደርግ በሕግ ከልክላለች። የሌላችሁ ከሆነ ከሊፍት ቲኬቱ ጋር ይሸጥላችኋል። ጠጥቶ የወደቀን ሰው ደግሞ ብዙ ውሎች አይክሱም።

ጉልበትና ጫማ

ሆስፒታሎች በበሽተኛ ሲሞሉ ለተሰበረ እግር አልጋም ሐኪምም ይጠፋል። ስለዚህ አለመውደቅ የወረርሽኝ ጥንቃቄ አካል ነው። ስድስት ሳምንት ሲቀር በሳምንት ሦስት ቀን ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ፣ ጉልበታችሁን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ ቆዩ። በ30 ሰከንድ ጀምራችሁ 90 ድረሱ፣ ሦስት ጊዜ ድገሙ። ታማችሁ ከዳናችሁ በኋላ ደረት የሚወጋችሁ ወይም ልብ የሚመታባችሁ ከሆነ ግን ልምምዱን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ስኪና ጫማ የሚያከራየው ሱቅ ቅዳሜ ማታና እሑድ ጠዋት ሰው ይታጨቅበታል። ቅጹን በኢንተርኔት ሙሉና ሰዓት ይዛችሁ ግቡ። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘው ማያያዣ፣ ባይንዲንግ፣ በክብደታችሁ፣ በቁመታችሁ፣ በዕድሜያችሁ፣ በጫማው ሶል ርዝመትና በችሎታችሁ ይስተካከላል። ችሎታውን የሚያጋንን ሰው ባይንዲንጉ ይጠብቅበታል፤ ሲወድቅ ስኪው ስለማይለቅ የጉልበት ጅማቱ ይበጠሳል። ኪሎዋን አሳንሳ የተናገረች ደግሞ ስኪው ያለጊዜው ይወልቅባታል። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ካልሲ አንድ ብቻ፣ ቀጭን፣ እስከ ጉልበት። ብርድ ፈርቶ ሁለት የደረበ ሰው እግሩ ይታነቅና ደም በደንብ ስለማይዘዋወር ይበልጥ ይበርደዋል፤ ማታ ደግሞ ውሃ የቋጠረ ተረከዝ ይዞ ይገባል።

ጀማሪ ከሆናችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በአስተማሪ ተማሩ። ከጓደኛ መማር ርካሽ የሚመስለው እስኪወድቁ ነው።

ሻንጣው

ኤፍኤፍፒ2 የሚባለው አየር በደንብ የሚያጣራ ማስክ በቀን ሦስት ያስፈልጋል፦ ለጠዋት ሊፍት፣ ለከሰዓት፣ ለማታ። በትንፋሽ የራሰ ማስክ መተንፈስ ስለሚያስቸግር ሰው ወደ አገጩ ያወርደዋል። ለስድስት ቀን ከነመጠባበቂያው በነፍስ ወከፍ 20 ያዙ። አንገት ላይ የሚጠለቀው ጨርቅ የማስክን ቦታ አይተካም። ጢምም ካለ ማስኩ ፊት ላይ በደንብ አይገጥምም። የስኪ መነጽሩን፣ ጎግሉን፣ አውልቃችሁ ማስኩን አድርጉ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካደረጋችሁ ትንፋሹ ወደ ላይ ወጥቶ መስታወቱን ጉም ያለብሰዋል።

የቤት ውስጥ መመርመሪያ በነፍስ ወከፍ አምስት። እሽጉ ላይ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ የሚል ይኖራል፤ ሌሊቱን መኪና ውስጥ ያደረ ኪት ውጤቱ አይታመንም። የዘወትር መድኃኒት የምትወስዱ የአሥር ቀን ትርፍ ያዙ፣ የማዘዣውን ቅጂም ጨምሩ።

ቫል ቶራንስ የምትባለው የፈረንሳይ የስኪ መንደር 2,300 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው “እኔ ለምጃለሁ” ሊል ይችላል፤ ለንደን ዓመታት የኖረ ሰውነት ግን ረስቶታል። በመጀመሪያው ሌሊት ራስ ምታትና የእንቅልፍ እጦት ከከፍታው ሊሆን ይችላል፣ ከቫይረሱም ሊሆን ይችላል። የጉሮሮ ሕመም ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት ተመርመሩ፤ ባይታይም በማግሥቱ ድገሙት። የኦክስጅን መለኪያ በከፍታ ቦታ ከለመዳችሁት ጥቂት ነጥብ ዝቅ ቢል የሚጠበቅ ነው። ከ90 በታች ወርዶ ትንፋሽ ካጠረ ግን ወደ 112 ደውሉ። ለተራራ አደጋ ኦስትሪያ ውስጥ 140፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ 1414 አለ። ስትደውሉ በአቅራቢያችሁ በቆመው የስኪ መንገድ ምልክት ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡላቸው።

ተራራው ላይና ከተያዛችሁ

ሊፍት ሲከፈት ውጡ፤ ምሳ በአውሮፓ ሰዓት አቆጣጠር ከ11፡30 (በእኛ ከጠዋቱ 5፡30) በፊት ብሉ፣ ከተቻለም በረንዳ ላይ። ጎንዶላ ውስጥ መስኮቱን ክፈቱ፤ የሚያጉረመርም ሰው ቢኖርም ጉዞው አሥር ደቂቃ ነው። ከሰዓት በኋላ እግር ሲዝል “የመጨረሻዋን አንድ ዙር” ተዉት፣ በሊፍት ውረዱ።

ከመነሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ተነጋገሩ፦ የታመመው የትኛው ክፍል ይተኛል? ማን ምግብ ያደርስለታል? መኪናውን ማን ይነዳል? ለአሥር ቀን ተጨማሪ ማረፊያ የሚሆን ገንዘብ ካርዱ ላይ ይኑር። በውጤቱ ማግሥት ለሊፍት ኩባንያው ጻፉ። ያልተጠቀማችሁበትን ቀን ገንዘብ ለመመለስ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ቀን ያለበት የላቦራቶሪ ወይም የሐኪም ወረቀት ስለሆነ፣ የቤት ምርመራውን ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አትቅረቡ።